ስንዴን ከዋግ ለመታደግ ዓለምን የዞሩት ኒኮላይ ቫቪሎቭ

አረንጓዴ የስንዴ ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዛገ ብረት መስሎ ያየ ገበሬ የዋግን ክፋት የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። አንድ ድንበር ከሚለያቸው ሁለት ማሳዎች አንዱ በዋግ ተበልቶ ሌላው ደህና ሆኖ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የዓለም ሊቃውንት እንኳ አልተስማሙበትም ነበር። ከፊሉ አየሩን፣ ከፊሉ አፈሩን፣ ከፊሉ በተክሉ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ምክንያት ያደርግ ነበር። መልሱ በዘሩ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል በተቀመጠው ውርስ ውስጥ እንደሚገኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስረዱ ከኖሩት አንዱ ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። ሕዝብ እንዳይራብ የደከሙት እኒህ ሰው በመጨረሻ ራሳቸው በረሃብ ሞቱ።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ፤ በዚህ ታሪክ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆኑ። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳሉ በ1891 እና በ1892 ሩሲያን ታላቅ ረሃብ መታት። በ1906 የሞስኮ የእርሻ ተቋም የገቡት ወጣት የመመረቂያ ጥናታቸውን ያደረጉት በሞስኮ አውራጃ ማሳዎች ላይ ሰብል በሚያጠፉ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በሴንት ፒተርስበርግ በአንድ በኩል የሰብል ዝርያዎችን፣ በሌላ በኩል ሰብልን የሚያጠቁ ፈንገሶችን በሚያጠኑ ሁለት ቢሮዎች ሠሩ። ተክሉን እና በሽታውን ጎን ለጎን የማየት ልማዳቸው ከዚህ ጀመረ።

በ1913 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። በዚያ ዘመን የውርስ ሳይንስ ገና ለጋ ነበር። ግሪጎር ሜንደል የተባሉት መነኩሴ በአተር ላይ ያደረጉትን ምርምር በ1866 ቢያሳትሙም፣ ዓለም ያስታወሰው በ1900 ነው። ቫቪሎቭ የተማሩት ይህን ሳይንስ በእንግሊዝ ካስፋፉት ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ነበር። በካምብሪጅ ደግሞ ሮውላንድ ቢፈን የተባሉት ተመራማሪ ለገበሬ ታላቅ ትርጉም ያለው ሥራ ሠርተው ነበር። ቢፈን በቢጫ ዋግ የሚጠቃ ስንዴን ከሚቋቋም ስንዴ ጋር አዳቀሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ በዋግ ተያዘ፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከአራት ተክል አንዱ ያህል ከዋግ ነጻ ሆኖ ወጣ። ይህ ሜንደል በአተር ላይ ያዩት ቁጥር ነው። በሽታን መቋቋም እንደ ፍሬ ቀለም ሁሉ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ውርስ መሆኑ በዚህ ታየ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ቅጠሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። የዋግ ፈንገስ ብናኝ በነፋስ መጥቶ ጤዛ ባለበት ቅጠል ላይ ያርፋል። እንደ ዘር በቅሎ፣ ተክሉ በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ከዚያም የሕዋሱን ግድግዳ በስቶ እንደ ሥር ባለ መምጠጫ ምግቡን ይስባል። በተጠቂው ስንዴ ሕዋሱ ጠላቱን ሳያውቅ ይመግበዋል። በሚቋቋመው ስንዴ ግን ከወላጆቹ የወረሰው ዘረመል ሕዋሱን ያነቃዋል፤ የተነካው ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ራሱን ይገድላል። የዋግ ፈንገስ በማሳ ላይ ሕይወት ካለው ሕዋስ በቀር መብል ስለሌለው አብሮ ይጠፋል። ጥቂት ሕዋሳት ሞተው ተክሉ ይድናል ማለት ነው።

ቫቪሎቭ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህን እውቀት ይዘው በመቶዎች የሚቆጠሩ የስንዴ፣ የገብስና የአጃ ዓይነቶችን ዘርተው የትኛው በምን በሽታ እንደሚያዝ መዘገቡ። ከእነዚህ መካከል የፋርስ ስንዴ የተባለው ዓይነት ልዩ ሆኖ ታያቸው። ሌላውን ስንዴ አመድ መስሎ የሚሸፍነው ሻጋታ ይህን አይነካውም። ቫቪሎቭ ከዚህ ተነሥተው ይህ ስንዴ ከዳቦ ስንዴ ወገን እንዳልሆነ ገመቱ። ኋላ ላይ የሕዋስ ተመራማሪዎች በአስኳሉ ውስጥ ያሉትን ክሮሞዞሞች ሲቆጥሩ የዳቦ ስንዴ 42፣ የፋርስ ስንዴ ግን 28 ሆኖ ተገኘ። በሽታው በማሳ ላይ የለየውን ልዩነት ማጉያ መነጽሩ በሕዋስ ውስጥ አረጋገጠው።

በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በፋርስ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች እንጀራቸው የሆነውን ዳቦ ሲበሉ መታመም ጀመሩ። ምክንያቱን እንዲያጣሩ የተላኩት ቫቪሎቭ ነበሩ። እርሳቸውም ዱቄቱ በሻጋታ የተመረዘ እንክርዳድ የተቀላቀለበት መሆኑን ደረሱበት። የሚያዞር እንጀራ በልቶ የሚያውቅ የደጋ ገበሬ ይህን ግኝት ሳይነገረው ይረዳዋል። ቫቪሎቭ ግን በዚያው ጉዞ የአካባቢውን ዘር ሰብስበው ተመለሱ። ይህ የረጅም ዘመን የዘር ፍለጋቸው መጀመሪያ ሆነ።

በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው የሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኑ። አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት አገሪቱን ሲያናውጥ እርሳቸው ስለ ተክሎች በሽታን የመቋቋም ችሎታ የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ በ1919 አሳተሙ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በሽታ የሁለት ፍጥረታት ውርስ የሚገናኙበት ቦታ መሆኑ ነው፤ የተክሉ ውርስ በአንድ ወገን፣ የተውሳኩ ውርስ በሌላ ወገን። አንዱን ብቻ የሚያጠና በሽታውን አያውቀውም። ስለዚህ ለበሽታ ፍቱን መፍትሔ የሚሆነው የሚቋቋመውን ዘር ፈልጎ ማዳቀል እንደሆነ አስተማሩ።

የሚቋቋመው ዘር ግን ወዴት ይገኛል? ቫቪሎቭ ሰብልና የሰብል በሽታ ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው በኖሩበት ምድር ይገኛል ብለው አሰቡ። በ1921 በቮልጋ አካባቢ ብዙ ሕዝብ የፈጀ ረሃብ ሲደርስ ጥያቄው የምርምር ብቻ መሆኑ ቀረ። በዚያን ጊዜ ኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናትን መምራት ጀምረው ነበር። ከዚህ በኋላ በ1924 አፍጋኒስታንን፣ ቀጥሎም የሜዲትራኒያንን አገሮች፣ ሩቅ ምሥራቅንና ላቲን አሜሪካን ዞሩ። በ1926 ሰብሎች የተገኙባቸውን የዓለም ማዕከላት የሚያሳይ ሥራቸውን አሳተሙ።

በ1926 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ አቀኑ። አዲስ አበባ ላይ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንን አግኝተው ለጉዞው ፈቃድ ተቀበሉ። ከዚያም በበቅሎ ጭነት እየተጓዙ፣ ከየገበያውና ከየማሳው ዘር እየገዙና እየለቀሙ፣ በጎንደር በኩል አድርገው እስከ አስመራ ዘለቁ። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትን በትውልድ አገራቸው አዩ። ከሁሉ ያስደነቃቸው ግን ስንዴውና ገብሱ ነበር። በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ የዛላው መልክ፣ የፍሬው ቀለምና የሚደርስበት ጊዜ የተለያየ ስንዴ ተቀላቅሎ ይበቅላል፤ ወይን ጠጅ ፍሬ ያለው አለ፣ ዛላው ላይ እንደ ጢም የሚወጣው ቃጫ የሌለው ዱረም ስንዴም አለ። ለመልማድ ያህል ድብልቅ የሚመስለው ማሳ በቫቪሎቭ ዓይን መድኃኒት ቤት ነበር። አንዱ ዓይነት በዋግ ቢያዝ ሌላው ይተርፋልና። በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ወደ ሌኒንግራድ ልከው፣ በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴ ራሱን የቻለ ሥራ አሳተሙ። ዱረም ስንዴ እዚህ ተገኘ ብለው የገመቱት በኋላ ጥናት ታርሟል፤ የስንዴና የገብስ መነሻ የመካከለኛው ምሥራቅ ለም ምድር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ጠብቆ ያቆየው የዝርያ ሀብት ታላቅነት ግን እስከ ዛሬ አልተካደም።

ቫቪሎቭ በ1929 የሶቪየት ኅብረት የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በተቋማቸው ግሪጎሪ ሌቪትስኪ የተባሉት ሊቅ የሕዋስ ጥናት ክፍሉን እየመሩ ክሮሞዞሞችን ይመረምሩ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው ተነሣ። ዘረመል የሚባል ነገር የለም፤ ተክል እንደ አያያዙ ባሕርዩን ይለውጣል የሚል ነበር ትምህርቱ። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ከአሥር ዓመት ያላነሰ ድካም ያስፈልጋል ሲሉ፣ ሊሴንኮ በሁለትና በሦስት ዓመት አደርሳለሁ አለ። የጋራ እርሻ ምርቱ ያሽቆለቆለበት የስታሊን መንግሥት ፈጣኑን ተስፋ መረጠ። ጉዳቱ በሰብል ብቻ አልቆመም። የሰውን በሽታ ከውርስ አንጻር ያጠና የነበረው የሞስኮ የሕክምና ዘረመል ተቋም በ1937 ተዘጋ፤ መሪው ሰሎሞን ሌቪት በ1938 ተገደሉ።

በ1938 የአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት በሊሴንኮ እጅ ገባ። በ1939 በኤድንብራ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ቫቪሎቭን ሰብሳቢው አድርጎ ቢመርጥም መንግሥታቸው እንዳይሄዱ ከለከለ። ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ። እርሻን በማሻጠርና በስለላ ተከሰው፣ ለወራት ተመርምረው በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደባቸው። በ1942 ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የክብር ስፍራ ሰጥቷቸው የውጭ አባል አደረጋቸው፤ እርሳቸው ግን ወጣት ፕሮፌሰር ሆነው ባስተማሩባት በሳራቶቭ ከተማ እስር ቤት ነበሩ። የምስር ተመራማሪ የሆኑት ባለቤታቸው የሌና ባሩሊና ከጦርነቱ ሸሽተው ከልጃቸው ጋር በዚያችው ከተማ ይኖሩ ነበር። ባላቸው በጥቂት መንገድ ርቀት መኖራቸውን አላወቁም፤ ስንቅ የሚልኩት ወደ ሞስኮ ነበር። ቫቪሎቭ ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመታቸው በረሃብ ተጎሳቁለው ሞቱ። ሌቪትስኪም ከእርሳቸው ቀድመው በእስር አርፈዋል።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ሕዝቧ በረሃብ ያልቅ ነበር። የቫቪሎቭ ተቋም ባልደረቦች በመጋዘን የተሞላውን እህል እየጠበቁ ለነገ ዘር ነው ብለው ሳይነኩት ቀሩ። የሩዝ ስብስብ ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሩዝ በከበባቸው ክፍል፣ የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሹኪን በሥራ ገበታቸው ላይ ሞቱ። ሌሎችም ተከተሉ። ስብስቡ ግን ተረፈ። ቫቪሎቭ በ1955 ከተከሰሱበት ወንጀል ነጻ መሆናቸው ተወሰነ፤ ተቋሙም ኋላ በስማቸው ተጠራ። በ1948 በይፋ የታገደው የዘረመል ሳይንስ ወደ ሙሉ ነጻነቱ የተመለሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው።

ጊዜ ግን ለቫቪሎቭ መሰከረ። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር በተልባ ዋግ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለእያንዳንዱ የተክሉ መከላከያ ዘረመል በተውሳኩ ዘንድ ተጓዳኝ ዘረመል እንዳለ አሳዩ። በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ገብስ በያዘው ዘረመል ምክንያት አመድ መሳዩ ሻጋታ ሊበሳው በሚሞክርበት ቦታ ላይ የሕዋሱን ግድግዳ ያደልባል፤ ይህ ባሕርይ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ገብስ ውስጥ ይገኛል። ክሽክሽ የሚያስተላልፈውን ገብስ የሚያቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋም ሌላ ዘረመልም ከኢትዮጵያ ገብስ ወደ ካሊፎርኒያ ማሳዎች ተሻግሯል።

የተውሳኩ ውርስም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ተስፋፍቶ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ስንዴ መታ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ወደ ተሰጠው ዲጋሉ ፊቱን ሲያዞር፣ በ2013 አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በአርሲና በባሌ ዲጋሉን አጠቃው። አንድ ዝርያ ብቻ የለበሰ ሰፊ ማሳ፣ ፈንገሱ አንዱን ቁልፍ ሲያገኝ ሁሉም በር የሚከፈትለት ቤት ነው።

ኢትዮጵያ በ1976 ያቋቋመችው የዘር ባንክ ዛሬ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የገበሬውን ነባር ዘር በሺዎች ናሙናዎች ጠብቆ ይገኛል። ምርጥ ዘር ለዛሬ ምርት ያስፈልጋል፤ ያ ምርጥ ዘር በዋግ ሲሸነፍ ደግሞ የሚተካው ከነባሩ ዘር ተዳቅሎ ይወጣል። አዝመራው ሲደርስ ከዋግ ተርፎ የቆመውን ዛላ ለይቶ፣ ለብቻው ወቅቶ ለዘር የሚያስቀምጥ ገበሬ፣ ቫቪሎቭ አህጉር ለአህጉር ሲዞሩ የፈለጉትን ነገር በጎተራው ያኖራል።