ሽልማቱን የበላው ስህተት

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ትንበያ የነገን ዝናብ ደህና አድርጎ ይነግራችኋል። የዛሬ ወር በዚህች ሰዓት ይዘንባል ወይ ብትሉት ግን አስተማማኝ መልስ የለውም። ደመናና ነፋስን የሚገዛቸው እኮ የታወቀ የፊዚክስ ሕግ ነው! ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሳ እኔ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦንሪ ፖንካሬ ነው።

ፖንካሬ እ.ኤ.አ. በ1854 ናንሲ ከተማ ተወለደ። ሥራ የጀመረው በማዕድን መሐንዲስነት ነው። በ1879 ማኚ የተባለው የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ፈንድቶ ሠራተኞች ሲያልቁ፣ ምክንያቱን ለማጣራት እዚያው ውስጥ ወረደ። የደረሰበት ነገር ይገርማል፤ ያን ሁሉ ጥፋት ያስነሳችው በዶማ ተመትታ የተበሳች አንዲት ፋኖስ ነበረች።

በኋላ የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ የኦስካር 2ኛን 60ኛ ዓመት ልደት ምክንያት በማድረግ የሒሳብ ውድድር ተዘጋጀ። ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡ የሰማይ አካላት ወደፊት የት እንደሚገኙ ማስላት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ፖንካሬ በ1889 አሸነፈ፤ 2,500 ክሮነርም ተሸለመ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ለኅትመት ሲዘጋጅ ፍራግሜን የተባለ ወጣት አራሚ ግልጽ ያልሆኑለትን ቦታዎች ጠየቀ። ፖንካሬ ሥራውን መልሶ ሲፈትሽ ከባድ ስህተት አገኘ። ሽልማቱ በእጁ ነው፤ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እሱ ግን ለመጽሔቱ ኃላፊ አሳወቀ። የታተመው ቅጂ ተሰበሰበ፤ ወጪውን ከኪሱ ከፈለ፤ ከ3,500 ክሮነር በላይ! ከሽልማቱ የሚበልጥ ገንዘብ ማለት ነው።

በ1890 የወጣው የታረመው ጽሑፍ ግን ዓለምን ቀየረ። ሕጉ ቀላል ሆኖ ሳለ የሦስት አካላት ጉዞ ለማመን የሚከብድ ውስብስብ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በ1908 ባሳተመው መጽሐፉም ነገሩን አፍታታው፤ መነሻው ላይ ያለች የማትታይ ልዩነት እያደገች ሄዳ መጨረሻውን ትገለብጠዋለች፤ እኛም ዕድል እንለዋለን። የቁማር መንኮራኩርን እዩት። እያንዳንዱ ዙር በሕግ ይሽከረከራል፤ የት እንደሚቆም ግን አይታወቅም። ሺህ ጊዜ ቢሽከረከር ደግሞ ቀዩና ጥቁሩ ወደ እኩል ይጠጋሉ።

ፖንካሬ በ1912 በ58 ዓመቱ አረፈ። የዛሬው የኬኦስ ሳይንስ መነሻው ያ የታረመ ጽሑፍ ነው። ለእኔ ከሊቅነቱ የሚበልጥብኝ ግን ያ ክፍያ ነው፤ ስህተቱን ደብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ትልቁ ግኝቱም አብሮት ተደብቆ ይቀር ነበር።