የይድነቃቸው የትምህርት ክፍያ

እኔ ካለሁበት ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ በገዳሪፍ በኩል የሚሄደው መንገድ ካርቱም ያደርሳል። በ1949 ዓ.ም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያ ሲካሄድ ቡድናችን በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ደግሞ ካይሮ ሄደን በባለሜዳዋ ግብፅ ያው 4 ለ 0 ሆነ።

ይድነቃቸው ተሰማ የዚያ ዘመን ሰው ናቸው። በ1914 ጅማ ተወለዱ፤ የባለቅኔው ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፣ ካፍን ከመሠረቱትም አንዱ ናቸው። በ1954 አዲስ አበባ ላይ አሰልጣኝ ሆነው ያችኑ ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን አስቀሩ። ከ1964 ጀምሮ በ1979 እስካረፉ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካም አጥብቀው ታገሉ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ በሰው አገር የገቡብን እነዚያ ስምንት ጎሎች ለኔ የትምህርት ክፍያ ናቸው። ተከፈለ፣ ተማርንበት፣ ዋንጫ መጣ።

አሁንስ? ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ሳያሟሉ ቀርተው፣ ዋልያዎቹ ከ2014 ወዲህ የሜዳቸውን ጨዋታ ሳይቀር ውጭ አገር ሲጫወቱ ከርመዋል። ክፍያውንስ እየከፈልን ነው፤ ትምህርቱ የታለ?