ከራሷ የሥራ ውጤት የተማረችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል

ሥራ የሚሠራ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። በሰዎች መካከል ልዩነት የሚታየው ከስህተቱ በኋላ ነው። አንዱ ጉድለቱን ሸፍኖ ያልፋል፤ ሌላው መርምሮ ይማርበታል። የዘመናዊ ነርስነት ሙያ መሥራች ተብላ የምትታወቀው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከሁለተኛዎቹ ወገን የምትመደብ ናት። ስሟ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በሌሊት መብራት ይዛ ቁስለኞችን ከመጎብኘቷ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው፣ ከጦርነቱ መልስ የሠራችበትን ሆስፒታል የሞት መዝገብ የመረመረችበት የሕይወቷ ምዕራፍ ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ ሜይ 12 ቀን 1820 በኢጣሊያ ፍሎረንስ ከተማ ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደች። የተጠራችውም በተወለደችበት ከተማ ስም ነው። አባቷ ቋንቋዎችን፣ ታሪክንና ሒሳብን በቤት ውስጥ አስተምሯታል። በዘመኑ ሕሙማንን ማስታመም ለተከበረ ቤተሰብ ልጅ የማይመጥን ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ፍላጎቷን ቤተሰቧ ለዓመታት ተቃውሟል። እርሷ ግን በሐሳቧ ጸንታ እ.ኤ.አ በ1851 ጀርመን በሚገኘው የካይዘርስቬርት ተቋም ለሦስት ወራት ያህል ሠለጠነች። በ1853 ደግሞ በለንደን የአንድ አነስተኛ ሆስፒታል ኃላፊ ሆነች።

በዚያን ጊዜ ብሪታኒያ ከፈረንሳይና ከኦቶማን ቱርክ ጋር ተሰልፋ ከሩሲያ ጋር የክራይሚያን ጦርነት ትዋጋ ነበር። በ1854 የብሪታኒያ ቁስለኞች የሚገኙበትን አሳዛኝ ሁኔታ ጋዜጦች ሲያጋልጡ ሕዝቡ ተቆጣ። የጦር ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ሲድኒ ኸርበርት ነርሶችን ይዛ እንድትዘምት ናይቲንጌልን ጠየቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር 38 ሴቶችን አስከትላ ከኢስታንቡል ማዶ በምትገኘው ስኩታሪ ደረሰች።

ሆስፒታሉ ቀድሞ የቱርክ ጦር ሰፈር የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ነበር። አልጋ፣ ልብስ፣ ፋሻና ምግብ ይጎድሉታል። ናይቲንጌል ማእድ ቤትና የልብስ ማጠቢያ አደራጀች፤ በሕዝብ መዋጮ በተሰበሰበ ገንዘብ የጎደለውን ዕቃ ገዛች፤ የነርሶቹን ሥራ በሥርዓት መራች። የሞቱ ቁጥር ግን መቀነሱ ቀርቶ ጨመረ። በ1855 ፌብሩዋሪ ወር የሞት መጠኑ ከመቶ ሕሙማን ወደ 42 ገደማ ደረሰ።

የጥፋቱ ዋና ምንጭ ከወለሉ በታች ነበር። ሕንፃው በተደፈኑ የፍሳሽ ቦዮች ላይ የቆመ ሲሆን ክፍሎቹ የተጨናነቁ፣ አየር የማይገባባቸውና ውኃቸውም የተበከለ ነበር። በ1855 ማርች ወር መንግሥት የላከው የንጽሕና ኮሚሽን ወደ ስፍራው ደረሰ። በዶክተር ጆን ሰዘርላንድ የተመራው ይኸው ኮሚሽን ቦዮቹን አስጠረገ፤ ቆሻሻውን አስወገደ፤ የአየር መግቢያዎችን አስከፈተ። እስከ ጁን ድረስ ባሉት ጥቂት ወራት የሞት መጠኑ ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

በጦርነቱ ወቅት ናይቲንጌል ለእልቂቱ ምክንያት አድርጋ የወሰደችው በዋናነት የምግብና የአቅርቦት እጥረትን እንዲሁም ወታደሮቹ በብርድና በድካም ተጎድተው ዘግይተው መምጣታቸውን ነበር። በ1856 ኦገስት ወር ወደ አገሯ ስትመለስ በመላው ብሪታኒያ እንደ ጀግና ትታይ ነበር። በስሟም ከሕዝብ ከፍተኛ ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር። በዚህ ክብር ረክታ ብትቀመጥ የሚወቅሳት አልነበረም።

እርሷ ግን ወደ መዝገቡ ተመለሰች። በእንግሊዝ የልደትና የሞት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ከሚሠሩት የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊሊያም ፋር ጋር በመሆን የጦር ሆስፒታሎቹን አኃዝ በየወሩና በየቦታው ለይታ ማነጻጸር ጀመረች። ውጤቱ መራራ ነበር። በጦርነቱ ከሞቱት የብሪታኒያ ወታደሮች አብዛኞቹን የገደላቸው የጠላት ጥይት ሳይሆን መከላከል ይቻል የነበረ በሽታ ነው። በዚያ አስከፊ ክረምት ከፍተኛ የሞት መጠን ከታየባቸው ስፍራዎች ቀዳሚው እርሷ የሠራችበት ስኩታሪ ነበር። ሞቱ በእጅጉ የቀነሰውም የቦዮቹን መጠረግ ተከትሎ እንጂ የነርሶቹን መምጣት ተከትሎ አልነበረም።

የሕንፃው ጥገናና የፍሳሹ ጉዳይ በእርሷ ሥልጣን ሥር አልነበረም። ይህንን ምክንያት አድርጋ ራሷን ከጉዳዩ ማውጣት ትችል ነበር። የመረጠችው ግን ቀድሞ የነበራትን አስተያየት ማረምና ስህተቱ የተፈጸመበትን አሠራር ማጋለጥን ነው። በ1857 ጤናዋ ክፉኛ ታወከ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ሥራዋን የሠራችው ከቤት ሳትወጣ ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት ለተቋቋመው የጦር ሠራዊቱን ጤና አጣሪ ንጉሣዊ ኮሚሽን ዋናውን መረጃ ያዘጋጀችው እርሷ ነበረች። ከ800 ገጽ በላይ የሆነውን የራሷን ሪፖርት ደግሞ በ1858 አሳትማ ለባለሥልጣናት አደለች። አኃዝ ማንበብ የሚሰለቻቸው ሹማምንትም ነገሩን በአንድ እይታ እንዲረዱት የየወሩን ሞት በምክንያቱ ለይቶ የሚያሳይ ባለቀለም ክብ ሥዕላዊ መግለጫ አዘጋጀች። በዚያው ዓመት የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ተመረጠች።

ትምህርቱ በወረቀት ላይ አልቀረም። የወታደር ሰፈሮች የውኃ፣ የፍሳሽና የአየር ሁኔታ እንዲሻሻል፣ የሠራዊቱ የጤና ስታቲስቲክስ በሥርዓት እንዲያዝና የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተደረገ። በ1860 በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ባቋቋመችው የነርሶች ማሠልጠኛም ንጽሕናና ንጹሕ አየር የሙያው መሠረት ሆነው ተሰጡ። ዝርዝር ሪፖርቷ ግን ለሕዝብ ሽያጭ ስላልቀረበ ተራው ዜጋ ይዞ የቀረው የመብራቷን ታሪክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ራሷ ካቋቋመችው ሥራ ነው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በስሟ ከተሰበሰበው ገንዘብ ወጪ ተደርጎ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ለገጠር የሚሆኑ አዋላጆች የሚሠለጥኑበት የማዋለጃ ክፍል ተከፈተ። ዓላማው በጎ ቢሆንም በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶች በረከቱ። የሞት መጠኑ ከአንድ ሺህ ወላዶች ከ30 በላይ ደርሶ ስለነበር ክፍሉ በ1867 ተዘጋ።

ናይቲንጌል ጉዳዩ በመዘጋት ብቻ እንዲያበቃ አልፈቀደችም። ከልዩ ልዩ አገሮች የእናቶችን ሞት የሚመለከቱ አኃዞች አሰባስባ በ1871 በመጽሐፍ አወጣች። በእንግሊዝ በቤታቸው ከሚወልዱ እናቶች መካከል የሚሞቱት ከአንድ ሺህ ወደ 5 ገደማ ሲሆኑ፣ በማዋለጃ ተቋማት ግን ቁጥሩ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳየች። ወላዶችን ከሌሎች ሕሙማን ጋር በአንድ ሕንፃ ማስተኛት አደገኛ መሆኑንም አመለከተች። የራሷ ክፍል ውድቀት ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆኖ በመጽሐፉ ውስጥ ሰፍሯል። ዛሬ ንጽሕናን የጠበቀ ሆስፒታል ለወላድ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ሊሆን የቻለው እንዲህ ያሉ ጥፋቶች በግልጽ ተመዝግበው በመመርመራቸው ጭምር ነው።

ናይቲንጌል ሐሳቧን ሁልጊዜ በፍጥነት የምትለውጥ ሰው አልነበረችም። በሽታ ከሰው ወደ ሰው በተሕዋስያን ይተላለፋል የሚለውን ትምህርት ለብዙ ዓመታት ተጠራጥራዋለች። ማስረጃው እየጠነከረ ሲሄድ ግን በኋለኛው ዕድሜዋ አቋሟን አለዝባ ተሕዋስያንን የሚገድሉ መድኃኒቶች በነርሶች ሥራ ውስጥ እንዲገቡ ደግፋለች።

እ.ኤ.አ በ1907 ሜሪት የተባለውን ከፍተኛ የብሪታኒያ ኒሻን በመቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ በለንደን አረፈች። የተወለደችበት ሜይ 12 በየዓመቱ የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የተደበቀ የአሠራር ጉድለትም አይታረምም። ከናይቲንጌል ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ውጤት በትክክል ካልተመዘገበ ስህተቱ አይታወቅም። የአንዱ ተቋም ውጤት ከሌላው ጋር ካልተነጻጸረ ብዙ መድከም ጥሩ መሥራት መስሎ ይታያል። ጉድለቱ ከታወቀ በኋላም አሠራሩ ካልተለወጠ ያው ጥፋት ይደገማል። በስኩታሪ ነርሶቹ ሌት ተቀን ደክመዋል፤ ቦዮቹ እስኪጠረጉ ድረስ ግን ወታደሮቹ መሞታቸውን አላቆሙም። ይህን ለአገሯ ባለሥልጣናት በአኃዝ ያስረዳችው በድካሙ የተመሰገነችው ሴት ራሷ መሆኗ ታሪኳን ለኃላፊዎችና ለሠራተኞች ሁሉ የሚጠቅም ያደርገዋል።