ዶክተር ኧርነስት ጀስትና የሦስቱ ተማሪዎች ማኅበር

በአሜሪካ ኮሌጆች በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የተማሪዎች ወንድማማች ማኅበራት አሉ። እኛ ማኅበር ሲባል ጽዋው ትዝ ይለናል፤ በዚያ አገር ግን ማኅበርተኛ መሆን ማደሪያ፣ ወዳጅና ከትምህርት በኋላም ለሥራ የሚረዳ ትውውቅ ማግኘት ነው። የነጮቹ ማኅበራት ለብዙ ዘመን ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበር፤ አንዳንዶቹም ክልከላውን በደንባቸው ጽፈውት ነበር።

ኧርነስት ኤቨረት ጀስት በ1883 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ሜሪ ናቸው፤ እኚህ ሴት አስተማሪ ሲሆኑ በፎስፌት ማዕድን ማውጫም ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ለትምህርት ወደ ሰሜን ከሄዱ በኋላ እሳቸውም ዐረፉ። ጀስት በ1907 ከዳርትመዝ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ነገር ግን የነጮች ዩኒቨርስቲ ጥቁር መምህር የሚቀጥርበት ጊዜ አልነበረምና፣ በዋሽንግተን ወደሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርስቲ፣ ወደ ሐዋርድ ሄደው ማስተማር ጀመሩ።

በኖቬምበር 17 ቀን 1911 ኤድጋር ላቭ፣ ኦስካር ኩፐርና ፍራንክ ኮልማን የተባሉ ሦስት ተማሪዎች በመምህራቸው በጀስት ቢሮ ተሰብስበው ኦሜጋ ሳይ ፋይ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በጥቁሮች ዩኒቨርስቲ ግቢ ከተመሠረቱት ወንድማማች ማኅበራት የመጀመሪያው ይህ ነው። የዩኒቨርስቲው ሹማምንት በመላ አገሪቱ የሚስፋፋ የተማሪ ማኅበር መቋቋሙን በመጀመሪያ አልፈቀዱም። (የተማሪ ማኅበር በተቋቋመ ቁጥር አስተዳደር የሚጠራጠረው በእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል!) ተማሪዎቹ ግን አልተበተኑም፤ በ1914 ማኅበራቸው በሕግ ተመዘገበ።

ለብቻ መሰብሰብ ልዩነትን ማጽደቅ ነው የሚሉ አሉ። በር የተዘጋበት ሰው የራሱን ጎጆ ቢቀልስ ይህን ወቀሳ በእርሱ ላይ መጫን ለእኛ ትክክል አይመስለንም፤ ወቀሳው በሩን ለዘጋው ነው።

ጀስት በ1915 የስፒንጋርን ሜዳይ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኑ፤ በ1916 ከቺካጎ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። የባሕር እንስሳት እንቁላል እንዴት እንደሚፀነስ በመመርመር በሊቃውንት ዘንድ ስማቸው ገነነ። ሆኖም ለችሎታቸው የሚመጥን የምርምር ቦታ በአገራቸው ስላላገኙ ከ1929 ጀምሮ ወደ ኔፕልስ፣ ወደ በርሊንና ወደ ፈረንሳይ ይመላለሱ ነበር። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ታሰሩ፤ ተፈተው አገራቸው ከገቡ በኋላ በ1941 በካንሰር ሞቱ።

በ1954 የዳርትመዝ ተማሪዎች ድምፅ ሰጥተው፣ በግቢያቸው ያሉት ማኅበራት እስከ 1960 ድረስ የዘር ክልከላን እንዲተዉ፣ ወይም ከሚከለክለው ዋና ማኅበራቸው እንዲለዩ ወሰኑ። ጀስት ከዚያ ግቢ ተመርቀው ከወጡ 47 ዓመት ሆኖ ነበር።