ከአንዲት ስሕተት የተነሱ ሊቅ፦ ኢማም ሲበወይህ (ረሒመሁላህ)

በዚህ እትማችን ከቀደምት ዑለማኦች የአንዱን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ነሕው የቀራን ልጆች ስማቸውን ከኡስታዞቻችን አፍ ደጋግመን ሰምተናል፤ ሕይወታቸውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንቀመጥ ያገኘነው በሰው ፊት ተሳስቶ ያፈረ፣ ከዚያ ኀፍረት ግን ትልቅ ዒልም ያወጣ ወጣት ነው።

ከፋርስ ወደ በስራ

ሙሉ ስማቸው ዐምር ኢብን ዑስማን ኢብን ቀንበር ሲሆን ኩንያቸው አቡ ቢሽር ነው። የተወለዱት በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በፋርስ ምድር፣ ከሺራዝ ብዙ በማትርቀው አል-በይዳእ ነው። ሲበወይህ የተባሉበት ቅጽል ስም ፋርስኛ ነው፤ ብዙዎች የፖም ሽታ ማለት ነው ይላሉ። በልጅነታቸው ወደ ዒራቅ መጥተው በበስራ አደጉ። ልብ እንበል፤ የዐረብኛን ሰዋስው ለዓለም ያስቀመጡት እኚህ ሰው ዘራቸው ዐረብ አልነበረም።

በስራ ያን ጊዜ የዒልም ከተማ ናት። ከየሀገሩ የመጡ ሙስሊሞች በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፤ ዐረብኛውንም እያንዳንዱ እንደ አፉ ይናገረዋል። ዑለማኦቹን የሚያስጨንቃቸው ደግሞ ቁርኣን ሲቀራ የሚፈጠር ስሕተት ነበር። ከሲበወይህ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድመው የነበሩት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ አንድ ሰው ከሱረቱ ተውባ ሦስተኛዋን አንቀጽ ሲያነብ ሰምተው እንደደነገጡ ይነገራል። አንቀጿ አላህና መልእክተኛው ከሙሽሪኮች የጠሩ መሆናቸውን ታውጃለች። ሰውየው የአንዲት ቃል መጨረሻ ከ«ኡ» ወደ «ኢ» ሲለውጥባት ግን ትርጉሙ አላህ ከሙሽሪኮችም ከመልእክተኛውም ጠራ ወደሚል ተገለበጠ፤ አዑዙ ቢላህ። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አልተነካም። የተለወጠችው አንዲት አጭር ድምፅ ናት።

አንዲት ቃል፣ ሁለት መንገድ

ወጣቱ ሲበወይህ በስራ የተቀመጡት ሐዲስና ፊቅህ ሊቀሩ ነበር። ከታላቁ የሐዲስ ሊቅ ከሐማድ ኢብን ሰለማ ዘንድ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን ከሰሓባዎች መካከል አቡ ደርዳእን ለይቶ የሚያነሳ ዘገባ ደረሳቸው። በዘገባው ውስጥ «ለይሰ» የምትል ቃል አለች። ይህች ቃል በአብዛኛው «አይደለም» ማለት ናት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤትም መርፉዕ ይሆናል። ሲበወይህ በዚሁ ልማድ «አቡ ደርዳእ» ብለው አነበቡ። ሸይኻቸው ግን አቆሟቸው፤ ቃሏ እዚህ ቦታ የምታገለግለው «በቀር» ለማለት ስለሆነ የሚከተላት ስም መንሱብ ሆኖ «አባ ደርዳእ» መባል እንዳለበት ነገሯቸው።

ይህን ታሪክ ስናነብ የሲበወይህ ስሕተት ከእውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አልመሰለንም። አእምሯችን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ መጨረሻውን አይጠብቅም። እያንዳንዱን ቃል በሰማበት ቅጽበት ከፊተኛው ጋር ያያይዛል፤ ቃሉ ሁለት መንገድ ሲኖረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የለመደውን ይመርጣል። የመረጠው መንገድ ስሕተት መሆኑ ከፊት ሲገለጥለት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይገጣጥማል። የዘመናችን ተመራማሪዎች ይህን የሚያጠኑት የአንባቢን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየተከታተሉ ነው፤ አሳሳች ዓረፍተ ነገር ላይ ዓይን ይዘገያል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል።

በአማርኛችንም በየቀኑ ያጋጥመናል። «ዶሮው ይበላል» የሚል ጽሑፍ ብናይ «በ» ላልታ ስትነበብ ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው፤ ጠብቃ ስትነበብ ለገበታ ቀርቧል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የሚለይልን በዙሪያው ያለው ነገር ነው፤ እኛም መለየታችን ሳይታወቀን እናልፈዋለን።

ሲበወይህ ግን አላለፉትም። ዳግመኛ ማንም በንግግር ስሕተት የማይዛቸውን ዒልም እንደሚፈልጉ ለራሳቸው ቃል ገብተው ከሐዲሱ መጅሊስ ተነሱ፤ ፊታቸውንም ወደ ነሕው አዞሩ።

በኸሊል ደጃፍ

የሄዱት ወደ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ አል-ፈራሂዲ ነበር። ኸሊል የዐረብኛ ግጥምን ሚዛን ያወጡ፣ የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የቀየሱ፣ በዱንያ ረገድ ግን በድህነት የኖሩ ዛሂድ ናቸው። ተማሪያቸውን ወደዱት፤ መምጣቱ የማይሰለቻቸው እንግዳ እንደሆነም ይናገሩ ነበር ይባላል። ሲበወይህ ከዩኑስ ኢብን ሐቢብና ከሌሎች የበስራ ሊቃውንትም ቀርተዋል። በኋላ በጻፉት ኪታብ ውስጥ የኸሊል ስም ከ500 ጊዜ በላይ ይነሳል። የሰሙትን የራሳቸው አስመስለው አላቀረቡም፤ ከማን እንደሰሙ እየተናገሩ ነው የጻፉት። ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህ ብቻውን ትምህርት ነው።

ኪታቡ መግቢያ የለውም፤ ርእስም አልተሰጠውም። ስለዚህ ሰዎች «አል-ኪታብ» ብለው ጠሩት፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። ከ1000 በላይ የግጥም ስንኞችና በመቶዎች የሚቆጠሩ የቁርኣን አንቀጾች በማስረጃነት ቀርበውበታል።

ሰሚው እንዴት ይረዳል?

የኪታቡን ሀብት በአንድ ገጽ ማቅረብ አይቻልም፤ ከርእሳችን ጋር የሚሄዱ ሁለት ነጥቦችን ብቻ እናንሳ።

የመጀመሪያው፣ የንግግር አሰካክ ትክክል መሆንና ትርጉሙ የሚሆን መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በራሳችን ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ዓባይን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት ቢል አሰካኩ ቀጥ ያለ ነው፤ ንግግሩ ግን ውሸት ነው። ነገ በልቼ ነበር ቢል ደግሞ ውሸት እንኳ ሊባል አይችልም፤ ጫፉ ጫፉን ያፈርሰዋል። ሲበወይህ ይህን ልዩነት ገና በኪታባቸው መጀመሪያ አካባቢ በየደረጃው ከፋፍለው አስቀምጠውታል።

ሁለተኛው፣ ተናጋሪ ሰሚው የሚያውቀውን ሊተው መቻሉ ነው። የሐጅ ተጓዥ ሁኔታ የሚታይበትን ሰው አይቶ መካን ብቻ የሚል ሰው ግሡን አልተናገረም። ሰሚው ግን የሰውየውን ሁኔታ አይቶ፣ የቃሏንም መጨረሻ መንሱብ መሆኗን ሰምቶ፣ መሄድ ፈልጓል የሚለውን ራሱ ይሞላዋል። ዓረፍተ ነገር በአፍና በጆሮ መካከል የሚሠራ የጋራ ሥራ ነው ማለት ነው።

በነሕው ትምህርት የታወቀውን የሙሳና የዒሳ ምሳሌም እዚህ ላይ እናስታውስ። የሁለቱም ስሞች መጨረሻ አይለወጥም። አንዱ ሌላውን መታ ሲባል መቺው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በቅደም ተከተል ነው፤ የቀደመው መቺ ይሆናል። ነገር ግን ሙሳ መጨረሻው የማይለወጥ ስም ያለው ፍሬ በላ ቢባል፣ ፍሬው ቢቀድምም ግራ አንጋባም፤ ፍሬ ሰው አይበላምና። መጀመሪያ የቃሉ መጨረሻ፣ እሱ ከጠፋ ቅደም ተከተል፣ ከሁሉም ጋር ደግሞ ትርጉሙ ይመራናል። በአማርኛ ይህን ሸክም በአብዛኛው የምትሸከመው ትንሿ «ን» ናት።

የተርቧ ጥያቄ

ሲበወይህ ስማቸው ሲገን ወደ ባግዳድ ሄዱ። በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን በወዚሩ በየሕያ ኢብን ኻሊድ አል-በርመኪ ፊት ከኩፋው ኢማም ከአል-ኪሳኢ ጋር ተገናኙ። አል-ኪሳኢ ከሰባቱ የቂርኣት ኢማሞች አንዱና የኸሊፋው ልጆች አስተማሪ ናቸው። ጥያቄው የጊንጥ ንድፊያ ከተርብ ይብሳል ብሎ ሲያስብ ኖሮ ሁለቱን አንድ ሆነው ስላገኛቸው ሰው የተሠራች ዓረፍተ ነገር ነበረች። በመጨረሻዋ የምትመጣው ተውላጠ ስም መርፉዕ ትሁን ወይስ መንሱብም ትሆናለች? ሲበወይህ መርፉዕ ብቻ ናት አሉ፤ አል-ኪሳኢ ሁለቱንም ፈቀዱ። በር ላይ የነበሩ የገጠር ዐረቦች ተጠርተው ለአል-ኪሳኢ መሰከሩ። ምስክሮቹ ተደልለው ነው የሚሉ ዘጋቢዎች አሉ፤ እውነቱን አላህ ያውቃል። ይሁንና በሱረቱ ጣሃ የነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በትር እባብ በሆነችበት ቦታ፣ ከዚያችው «ኢዛ» ከምትለው ቃል በኋላ ስሙ መርፉዕ ሆኖ መጥቷል።

ሲበወይህ በሕዝብ ፊት ተረቱ። ወዚሩ 10,000 ዲርሃም እንደሰጧቸው ይነገራል፤ ልባቸው ግን ተሰብሮ ወደ ፋርስ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ በ180 ሂጅራ (796 እ.ኤ.አ.) አካባቢ ገና በጎልማሳነታቸው አረፉ። በሺራዝ መቃብራቸው እንደሆነ የሚታወቅ ቦታ አለ።

ኪታቡን ሰብስበው ለሰው ያደረሱት ተማሪያቸው አል-አኽፈሽ ናቸው። የአል-ኪሳኢ ታላቅ ተማሪ አል-ፈራእ በሞቱ ጊዜ ከራስጌያቸው የተገኘው የሲበወይህ ኪታብ ነበር ይባላል። የክርክሩን ቀን ያሸነፉት ወገኖች መጽሐፉን ሲያነቡ ኖሩ ማለት ነው። ዛሬም በሀገራችን በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ደረሶች ከአጅሩሚያ ጀምረው ወደ አልፊያ ሲሻገሩ የሚቀሩት ነሕው ሥሩ እዚያ ድረስ ይዘልቃል።

ውድ እህት ወንድሞች፦ ክፍል ውስጥ ተሳስተን የተሳቀብን ቀን አለ። በዚያ ቀን መጽሐፉን የዘጋ አለ፤ ስሕተቱ ከየት መጣ ብሎ የመረመረም አለ። ሲበወይህ ሁለተኛውን መረጡ። እኛም የወንድማችን ንግግር ወይም የእህታችን አጭር መልእክት ሁለት ትርጉም ሲሰጠን፣ መጀመሪያ የመጣልንን ይዘን ከመፍረዳችን በፊት ወደ ኋላ ተመልሰን እናንብበው። አላህ ለኢማም ሲበወይህና ለአስተማሪዎቻቸው ይዘንላቸው፤ ለእኛም ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን። አሚን።