ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል መንገድ

የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ ለዚህ መጽሔት የአንድ የታወቀ የጦር አለቃ ታሪክ ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ፥ አንዳንዶቻችን ስለ ጀርመኑ የታንክ ጦር አዛዥ ስለ ጄኔራል ጉዴሪያን እንጻፍ ብለን ነበር። ነገር ግን ከባድ መሣሪያን ከሠራዊት ጋር ለማንቀሳቀስ የደከመ ታላቅ ሰው በጎረቤታችን በመቅደላ አለና ወደ እርሱ ተመለስን። መቅደላ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ የሚገኝ አምባ ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ እስከ ዛሬ በዚያው ይታያል።

ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በፊት ስማቸው ካሳ ኃይሉ፥ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ገና ሳይነግሡ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ፥ ደባርቂ በተባለው ስፍራ፥ ከግብጽ ጦር ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ። ተከታዮቻቸው ደፋሮች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ሥርዐት የተማረውን ወታደርና የመድፉን እሳት ሊቋቋሙት አልቻሉም። ካሳም ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚያ ተማሩ።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ወደ ወሎ ዘምተው፥ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላን ያዙ። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ደግሞ ከጀርመን፥ ከስዊስና ከሌላም አገር የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ ንጉሡ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ አሠሩ። በመጨረሻ ትልቁ ሴባስቶፖል ተሠራ።

ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ተቆጥተው፥ ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችንም አውሮጳውያን አስረው ነበርና፥ የእንግሊዝ መንግሥት ጄኔራል ናፒየርን ላከባቸው። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ መሄድ ግድ ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሴባስቶፖልን በገመድ ይጎትቱ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። የጅጣን ገደል፥ የዋድላንና የደላንታን ደጋ፥ የበሽሎንም ሸለቆ አልፈው ከስድስት ወር ያህል በኋላ፥ በመጋቢት፥ መቅደላ ደረሱ።

ናፒየር ደግሞ 13,000 ያህል ወታደር ይዞ፥ ቀላሉን መድፍ በበቅሎ፥ ከባዱን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ ከቀይ ባሕር ዳር መጣ። የሚያስገርመው፥ የጅጣን ገደል የወረደው ዐፄ ቴዎድሮስ በሠሩት መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በስቅለት ዕለት፥ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ሰዎች ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። በፋሲካ ማግስት፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ አምባው ሲያዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

እንግዲህ ይህን ያህል የደከመ ንጉሥ ስለ ምን ተሸነፈ? የመሣሪያው ብልጫ አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ብቸኛው አይደለም። የወሎ ልጆች እንደ መሆናችን የምናውቀውን መሸሸግ አይገባንም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ ገዢ በወይዘሮ ወርቂት አገር ወደ ሸዋ ባለፉ ጊዜ፥ ንጉሡ በአምባው ታስሮ የነበረውን የወይዘሮዋን ልጅ ገደሉት። በጦርነቱም ዋዜማ ብዙ እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ። ስለዚህ ናፒየር ሲመጣ የአገሩ ሰው መንገዱን አልዘጋበትም፤ እህልና መኖም ሸጠለት።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ንጉሠ ነገሥት ሆነው ድንጋይ መሸከም ያላሳፈራቸው ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ዕውቀትና ሥራ ለአገር ጋሻ መሆናቸውን አሳዩን። ደግሞም መድፍ በገደል ላይ የሚወጣበት መንገድ በመዶሻና በጉልበት ይሠራል፤ ወደ ሰው ልብ የሚወስደው መንገድ ግን በምሕረትና በፍርድ ካልሆነ በሌላ አይሠራም።