ዶክተር ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ

ዛሬ በላቦራቶሪ ውስጥ የሰውን ሴል የሚያሳድገው ፕሮቲን ተፈልጎ የሚታወቀው አንቲቦዲ በተባለው የደም መከላከያ አማካይነት ነው። ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ሐኪም ኪታሳቶ ናቸው።

በ1853 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) በገጠር ተወለዱ። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ለትምህርት እንደሚላክ ወጣት፣ እሳቸውም ከመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በርሊን ወደነበሩት ወደ ሮበርት ኮክ ተላኩ። በ1889 የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም አየር በሌለበት ለይተው አራቡ። በ1890 ከቤሪንግ ጋር ሆነው፣ በሽታውን እንዲቋቋም የተደረገ ጥንቸል ደም አይጥን ከመርዙ እንደሚያድን አስረዱ። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሕክምና ሽልማት ግን ለቤሪንግ ብቻ ተሰጠ። እኛ ይህን ፍርድ ጐደሎ እንለዋለን።

አገራቸውም በደስታ አልተቀበለቻቸውም። በርሊን ሳሉ የቀድሞ አለቃቸው የቤሪቤሪን ጀርም አገኘሁ ማለታቸውን በጽሑፍ ነቅፈው ስለነበር፣ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ውለታ ቢስ ብለው ፊት ነሷቸው። የቤሪቤሪ ምክንያት ጀርም ሳይሆን የቪታሚን ጉድለት መሆኑ በኋላ ታውቋል። በ1892 ሲመለሱ ደራሲው ፉኩዛዋ ዩኪቺ ባይደርሱላቸው ኖሮ የሚሠሩበት ቤት አልነበራቸውም። በ1914 መንግሥት ሳያማክራቸው ተቋማቸውን ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲያስረክብ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ረዳቶቻቸውም ተከተሏቸው። ወዲያው በገዛ ገንዘባቸው ሌላ ተቋም አቆሙ።

በ1931 ዐረፉ። ከ2024 ጀምሮ መልካቸው በጃፓን የ1,000 የን ኖት ላይ ይታያል።